ከመቆፈሪያው በፊት የሽማግሌዎቻችን ቃል ይመዝገብ፦ ለሰሜን ሸዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ
ለዞኑ ወረዳዎች ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ቅርስ ቦታዎች በቃል የሚተላለፍ ምስክርነት ሰብሳቢዎችና ቋንቋ ዐዋቂዎች ተመድበውለት እንዲመዘገብ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የተወደዳችሁ የአገሬ ሰዎች፤

በደብረ ብርሃን የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። የምጠይቀውን በመጀመሪያ ልናገርና ምክንያቱን አስከትላለሁ። በዞናችን ስለ ጠፉ ቤተ መንግሥታት፣ ስለ ተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ ንዋያተ ቅድሳት ስለ ተሸሸጉባቸው ዋሻዎችና በቆላው ስለሚገኙ ጥንታዊ መስጊዶች የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ፣ ቃላቸው ከነቦታው፣ ከነምንጩና ከነአነጋገሩ ይመዝገብ። በየትኛውም ቦታ አካፋና ዶማ ከመነሣቱ በፊት ይህ ሥራ ይቅደም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዓመቱን በአብዛኛው በረዶ በሚሸፍነው ባሕር ውስጥ የሰመጡ የሁለት መርከቦች ፍለጋ ታሪክ ነው። ነገሩ ከመንዝና ከተጉለት ደጋ እጅግ የራቀ ቢመስልም፣ ፍለጋው የተሳካበትን ምክንያት መርምሮ የተረዳ ሰው ለምን ወደ እናንተ እንዳመጣሁት አይጠፋውም። የቀኖቹንና የዓመተ ምሕረቶቹን ቁጥር፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ያስቀመጥሁት።

ግንቦት 19 ቀን 1845 ኤረበስ እና ቴረር የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከቦች በሰር ጆን ፍራንክሊን መሪነት ከቴምዝ ወንዝ ተነሡ። ዓላማቸው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሰሜን አሜሪካ ራስጌ አልፎ ወደ ፓሲፊክ የሚያደርሰውን የባሕር መንገድ ማግኘት ነበር። በዚያ ወቅት በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ከአንድ ዓመት በፊት በአንጎለላ ተወልደው ገና ጨቅላ ነበሩ። እነዚያን መርከቦች የላከው መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት በሻምበል ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ወደ አንኮበር ልኮ፣ በ1841 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። እንግዲህ ነገሩ አያት ቅድመ አያቶቻችን በኖሩበት ዘመን የሆነ እንጂ ከዘመን ሁሉ የራቀ አይደለም።

መርከቦቹ ቀድሞም ወደ ደቡብ ዋልታ ሄደው የተመለሱ ጽኑ መርከቦች ነበሩ፤ የፊት ጎናቸው በብረት ተለብጧል፣ ከሸራው በተጨማሪ ከባቡር የተወሰደ የእንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸዋል፣ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ስንቅም ጭነዋል። ወደ በረዶው ዘልቀው የገቡት 129 ሰዎች ሲሆኑ ከእነርሱ አንድ እንኳ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1859 የተገኘች አንዲት ወረቀት የሆነውን በአጭሩ ትናገራለች፦ መርከቦቹ ከመስከረም 1846 ጀምሮ ከኪንግ ዊሊያም ደሴት በስተ ሰሜን ምዕራብ በበረዶ ተይዘው ቀሩ፤ ፍራንክሊን ሰኔ 11 ቀን 1847 ሞተ፤ ሚያዝያ 22 ቀን 1848 የተረፉት 105 ሰዎች መርከቦቹን ትተው በሻምበል ክሮዝየር መሪነት በእግር ወደ ደቡብ ለመጓዝ ተነሡ። ወረቀቷ ከዚህ በኋላ ምንም አትልም። መርከቦቹ ከዚያ ወዴት እንደ ሄዱ፣ የትስ እንደ ሰመጡ ከእንግሊዝ ወገን የጻፈ ሰው የለም።

የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩ፤ እነርሱም በዚያ ምድር የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝብ ናቸው። ዶክተር ጆን ሬይ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1854 ከእነርሱ የሰማውን ይዞ ለንደን ገባ፦ ነጮቹ በረሃብ አልቀዋል፣ በመጨረሻውም ጭንቅ የሞቱ ወገኖቻቸውን ሥጋ በልተዋል። ወሬው የለንደንን ሹማምንትና የፍራንክሊንን ባለቤት እጅግ አስቆጣ። ዝነኛው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ሳይቀር በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ኢኑዊቶቹ ሊታመኑ የማይገባቸው ሰዎች እንደሆኑ ጻፈ። ማንም ሄዶ ሳይመረምር ቃላቸው የተጣለው የተናጋሪዎቹ ማንነት ስለ ተናቀ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ግን በደሴቲቱ ዳርቻ የተገኙ አጥንቶች ሲመረመሩ የቢላዋ ምልክት ታየባቸው፤ በ2024 ደግሞ በዘር ምርመራ ከተለዩት አጥንቶች አንዱ የኤረበስ አዛዥ የነበረው የጄምስ ፊትዝጄምስ የመንጋጋ አጥንት መሆኑ ተረጋገጠ፣ በእርሱም ላይ ምልክቱ ነበረ። ሬይ ያደረሰው ቃል እውነት መሆኑን የዓለም ሳይንስ ለመቀበል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት።

ስለ መርከቦቹ የነበረው ምስክርነት ከዚህም ይልቅ የረቀቀ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍራንሲስ ሆል በ1860ዎቹ ከኢኑዊቶች ጋር ዓመታት ኖሮ፣ ኢፒርቪክ እና ታኩሊቱክ በሚባሉ ባልና ሚስት አስተርጓሚነት የሰማውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሮቹ መዘገበ። ከእርሱ በኋላ የሄደው ሌላው አሜሪካዊ ፈላጊ ሽዋትካ ደግሞ በ1879 ፑቱራክ የሚባል ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው እንደ ነገረው፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ከአደሌድ ልሳነ ምድር በስተ ምዕራብ በበረዶ የተያዘ ትልቅ መርከብ አይቷል፤ ውስጥ የገቡት ሰዎች አንድ ነጭ ሰው ከመኝታው ላይ ሞቶ አግኝተዋል፤ የመግቢያውን በር ስላላወቁት ከጎኑ ቀዳዳ ሠርተው ገቡ፤ በረዶው ሲቀልጥ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ መርከቡ ሰመጠ፣ ምሰሶዎቹ ግን ከውሃው በላይ ይታዩ ነበር። ይህን የተናገረው ሰው የቦታውን ስም ያውቃል፣ ምን እንዳየና ምን እንደ ሰማ ለይቶ ያስረዳል፣ መርከቡ የሰመጠበትንም ምክንያት ይሰጣል። ለመርማሪ ዳኛ ከዚህ የሚሻል ምስክር ከየት ይመጣል?

በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ወረቀት በመነሣት የገመቱ ፈላጊዎች ግን መርከቦቹ ከተተዉበት ቦታ ዙሪያ፣ ማለትም ሽማግሌው ካመለከተው በስተ ሰሜን ርቆ፣ ብዙ ደከሙ። ፓርክስ ካናዳ የተባለው የካናዳ የብሔራዊ ፓርኮችና የቅርስ ጥበቃ ተቋም በ2008 አዲስ ፍለጋ ሲጀምር የኢኑዊቶችን ምስክርነት ከፍለጋው መነሻዎች አንዱ አደረገው። መስከረም 1 ቀን 2014 ተመራማሪዎች በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የጀልባ ማውረጃ ብረት አገኙ፤ ብረቱ የእንግሊዝን የባሕር ኃይል ንብረት የሚያሳየው የቀስት ምልክት ነበረበት። በማግሥቱ በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል የሚያነብበው ሶናር የተባለ መሣሪያ ኤረበስን በ11 ሜትር ጥልቀት ላይ አገኘው። ያለውም ፑቱራክ በነገረው አካባቢ፣ በኩዊን ሞድ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከዚያ በኋላ ጠላቂዎች ደወሉን አወጡት፤ በላዩ 1845 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል።

የሁለተኛው መርከብ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የጆዋ ሄቨን መንደር አዳኝ ከዓመታት በፊት ዓሣ ለማጥመድ ሲሄድ ከበረዶው ላይ ወጥቶ የቆመ እንጨት አይቶ ነበር። ፎቶግራፍ ቢያነሣም ካሜራው ጠፋበት፤ ይህንንም እንደ ክፉ ምልክት ቆጥሮ ዝም አለ። በ2016 በፍለጋ መርከብ ላይ ሲሳፈር ጉዳዩን ለባልደረቦቹ አወራ፤ እነርሱም አቅጣጫቸውን ቀይረው ወደ ነገራቸው ባሕረ ሰላጤ ሲሄዱ መስከረም 3 ቀን ቴረርን በ24 ሜትር ጥልቀት አገኙት። ባሕረ ሰላጤው ፈላጊዎች መርከቡን ሳያገኙት በመርከቡ ስም ሰይመውት የኖሩት ቴረር የተባለው ባሕረ ሰላጤ ነው።

ቃል ይህን ያህል ዋጋ የሚኖረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጠላቂዎቹ የሚሠሩበትን ሁኔታ ማየት ይገባል። የጨው ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች ወደ ሁለት ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ የዚያ ባሕር ውሃ የእኛ ምንጭ ከሚረጋበትም በታች ቀዝቅዞ እየፈሰሰ ይኖራል። መርከብ ሊገባበት የሚችለው ጊዜ በዓመት ከነሐሴ እስከ መስከረም ያሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ በእነዚያም ሳምንታት ማዕበል ቢነሣ ወይም በረዶ ቢመጣ ሥራው ይቆማል። በሚያዝያ 2015 ጠላቂዎች ወደ ሁለት ሜትር የሚደርስ የበረዶ ንጣፍ ቆርጠው በዚያ ቀዳዳ ወደ ኤረበስ ወርደዋል። በ2019 ደግሞ ከላይ ከተቆመው መርከብ በቧንቧ አየርና የሞቀ ውሃ እየተላከላቸው፣ የሞቀው ውሃ በልብሳቸው ውስጥ እየፈሰሰ፣ ከ350 በላይ ዕቃዎችን ከኤረበስ ውስጥ አውጥተዋል፤ በዚያው ዓመት ወደ ቴረር ውስጥ የላኩት መሣሪያ በየመደርደሪያው ላይ የተደረደሩ ሳህኖችን፣ የተዘጉ መሳቢያዎችንም በፊልም ቀርጿል። ቅዝቃዜው እንጨት የሚበላውን የባሕር ትል ስለማያኖር ነው ይህ ሁሉ የተጠበቀው። እንዲህ ባለ ባሕር ላይ በግምት ወለሉን ሁሉ ማሰስ የማይታሰብ ነው፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሃያውን ለይቶ የሚያሳይ ሽማግሌ ብዙ የበጋ ወራትና ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የጽሑፍን ዋጋ ለማቃለል አይደለም ይህን የምለው። የአየርላንዳዊው ሻክልተን መርከብ ኢንዱራንስ በ1915 በደቡብ ዋልታ ባሕር ሰምጦ በመጋቢት 2022 በ3,008 ሜትር ጥልቀት የተገኘው፣ መሪ መርከበኛው ፍራንክ ዎርስሊ የሰመጠበትን ቦታ በጥንቃቄ ለክቶ ስለ ጻፈ ነው፤ መርከቡ ከጻፈው ቦታ ጥቂት ማይል ብቻ ርቆ ተገኘ። በዚያ ባሕር ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ከመዝገቡ በቀር ምስክር አልነበረም። በሰሜን ሸዋ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ መዝገቡ ያነሰ፣ ምስክሩ የበዛ ነው።

ከፍለጋው ታሪክ ሁሉ ልቤን የነካው ሉዊ ካሙካክ የተባለው ኢኑዊት ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ ቅድመ አያቱ በደሴቲቱ ዳርቻ ስላየቻቸው እንግዳ ዕቃዎችና የሰው ቁመት ስለሚያህል የአፈር ክምር ስትነግረው ሰማ፤ አድጎም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሽማግሌዎችን እየዞረ ጠየቀ፣ የሰማውን ከተጓዦቹ መጻሕፍት ጋር አስተያየ፣ የቦታ ስሞችን በካርታ ላይ አኖረ። ለዚህ ሥራ ያሰማራው ተቋም አልነበረም። በ2018 ሲያርፍ ሁለቱም መርከቦች ተገኝተው ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ ግን ብዙዎቹ ከእርሱ ቀድመው አልፈዋል። እርሱ ባይጠይቃቸው ኖሮ የሚያውቁትን ይዘው ይሄዱ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው፤ ዜና መዋዕላቸው የሚገልጸው ቤተ መንግሥት ግን ዛሬ በከተማችን በዓይን አይታይም። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት በሸዋ ሲያልፍ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው ወደ ገደልና ዋሻ እንደ ሸሹ በየደብሩ ይነገራል፤ የጣሊያን ወረራ ዘመንም ሌላ የመሸሸጊያ ታሪክ ጨመረ። በይፋት ቆላ የኖራን የመሳሰሉ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፤ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ ሲያጠኗቸው፣ የአካባቢው ሕዝብ ግን ከእነርሱ በፊት በስም ይጠራቸው ነበር። በመንዝ መሻላ ማርያም የተቆፈሩት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን ሻይ የተባለውን ባህል ያሳዩን ጉብታ መቃብሮችም እንዲሁ እረኛው ዘወትር የሚያልፍባቸው ናቸው። ስለ እነዚህ ቦታዎች የሚነገረውን በሙሉ አምነን እንቀበል አልልም። ልንመረምረው የምንችለው ግን በመጀመሪያ ከሰበሰብነው ብቻ ነው፤ አሁን የሚነግሩን ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂቶች ናቸው።

ስለ አሰባሰቡ ዝርዝር ልናገር፤ ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም በዚህ ስለሆነ። የፍራንክሊንን መርከቦች ፈላጊዎች ያሳሳታቸው ብዙውን ጊዜ የተናጋሪው ውሸት ሳይሆን የሰሚው ችኮላ ነው፤ ስለ ሁለት መርከቦች የተነገረውን ስለ አንድ አድርገው ሰምተዋል፣ አንዱን የቦታ ስም ከሌላው ጋር አምታተዋል፣ የተናጋሪውን ቃል እንደ ግምታቸው አርመው ጽፈዋል። ስለዚህ የእኛ ሰብሳቢዎች የሽማግሌውን ቃል በድምፅ ይቅረጹ፤ ሲጽፉም በራሱ አነጋገር ይጻፉት፣ ትክክል አይመስልም ብለው አያስተካክሉት። በየንግግሩ «ይህን ራስዎ አይተዋል ወይስ ሰምተዋል? ከሰሙስ ከማን? ያ ሰውስ ከማን ሰማ?» ብለው ይጠይቁ፤ አባቶቻችን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥሩ እስከ ሰባት ቤት ስለሚያውቁ ይህ ጥያቄ አያስቸግራቸውም። ሽማግሌው ከቻለ ወደ ቦታው አብሮ ይሂድ፤ ካልቻለ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ያሳይ፤ የወንዙ፣ የገደሉ፣ የሜዳው ስም አሁን ከሚጠራበት በተጨማሪ ቀድሞ ይጠራበት የነበረውም ይመዝገብ። አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ሳያስተያዩ ወደ መደምደሚያ አይሂዱ፤ የተቃረነውንም አይጣሉ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያኑሩት።

ሴቶች በተለይ ይጠየቁ። የካሙካክ ምስክርነት የመጣው ከቅድመ አያቱ ነበር፤ በእኛም አገር ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጎተራና ስለ ጉድጓድ የሚያውቁት እናቶች ሆነው ሳለ ጠያቂው ሁልጊዜ ወደ አባወራው ይሄዳል። እንዲሁም አንድ ወገን ብቻ ተጠይቆ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። በደጋው ያሉት ካህናትና የቅኔ መምህራን፣ በቆላው ያሉት የአርጎባና የይፋት ሼሆች፣ በኦሮምኛ የሚናገሩት የአንጎለላና የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በየቋንቋቸው ይሰሙ። የአንኮበር ግቢ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የእነዚህ ሁሉ መገናኛ ነበርና ትዝታውም የተበታተነው በሁሉም ቤት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ያሳስበኛል። ቃሉ ሲሰበሰብ ዋሻውና ጉብታው የት እንደሆነ ለሁሉ ከተነገረ ወርቅ ፈላጊው ከተመራማሪው ቀድሞ ይደርሳል። በካናዳ የመርከቦቹ ቦታ ያለ ፈቃድ የማይገባበት ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆኖ፣ የጆዋ ሄቨን ነዋሪዎች በበጋው ወራት በጥበቃ ይቆማሉ። እንግሊዝም በ2018 መርከቦቹን ለካናዳ ስታስተላልፍ ካናዳና የኢኑዊት ቅርስ አደራ ተቋም በጋራ እንዲይዟቸው ተደረገ፤ ምስክርነቱን የጠበቀው ሕዝብ ንብረቱንም ከሚጠብቁት ተቆጠረ። በእኛ አገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግና የተገኘ ቅርስ እንዲታወቅ ያዝዛል። ሕጉ አለ፤ የሚያስፈልገው በየቀበሌው የሚጠብቅ የታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ አንዱ ሕዝብ የሚያነብበው፣ ሌላው ትክክለኛውን ቦታ የያዘና በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተዘግቶ የሚቀመጥ። ሽማግሌውም ስሙ እንዲጠራ ወይም እንዳይጠራ ራሱ ይወስን።

ወጪው ብዙ አይደለም። ጠላቂ፣ መርከብና ሶናር የሚጠይቅ ነገር የለበትም፤ ሥልክና ደብተር የያዙ፣ የማዳመጥ ትዕግሥት ያላቸው የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ይበቁታል። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው እያንዳንዳቸው አንድ ወረዳ ቢይዙ፣ መምሪያውም ለየወረዳው ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ቢጽፍላቸው ሥራው ይጀመራል። የድምፁ ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ እንዳይጠፋ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ በመምሪያው፣ አንዱ በሰጠው ወረዳ ይቀመጥ።

ከየት ይጀመር ለሚለው ሐሳቤን አቀርባለሁ። አንደኛው አንኮበር ይሁን፤ የቤተ መንግሥቱን ግቢ አሠራርና የአገልጋዮቹን መኖሪያ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሰዎች አሉና። ሁለተኛው ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ እስከ አርጎባ ዳርቻ ያለው የይፋት ቆላ ይሁን፤ በዚያ ያሉት ፍርስራሾች ከተጠኑ ወዲህ የአካባቢውን ቃል ከጥናቱ ጋር ማስተያየት ይቻላልና ሰብሳቢዎቹ የሚሰሙትን ለመመዘን ይረዳቸዋል። ክረምቱ አልፎ የገጠሩ መንገድ ሲደርቅ፣ በኅዳር፣ ሥራው ቢጀመር ሽማግሌዎቹ ከአዝመራው በኋላ ዕረፍት ስለሚኖራቸው ይመቻል። መምሪያው ስብሰባ ጠርቶ ዩኒቨርሲቲውን፣ የሀገረ ስብከቱንና የእስልምና ጉዳዮች ተወካዮችን ቢያስተባብር፣ እኔና ሌሎች የታሪክ መምህራን የመጠየቂያ ቅጹን አዘጋጅተን፣ ያለ ክፍያ ሰብሳቢዎችን ለማሠልጠን ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከደብረ ብርሃን፣
አንድ የታሪክ መምህር